ዝርዝር የት ይገባል? ስለ ሳንቲምና ስለ ወረቀት ብር የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከአዲስ አበባ ዳርቻ የመጡ ናቸው፦ ከኮዬ ፈጬ፣ ከዓለም ገና፣ ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ፣ ከገላን፣ ከቡራዩና ከቱሉ ዲምቱ። የሁሉም ጉዳይ ዝርዝር ነው። ዳርቻው ላይ ችግሩ ጠንቶ የሚታየው ሱቁ ትንሽ፣ ግብይቱም በአምስትና በአሥር ብር ስለሆነ ነው። ባንኩም ለብዙዎች ታክሲ የሚያስይዝ ርቀት ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ሥር አነስተኛ ሱቅ አለኝ። ጠዋት የምይዘው ዝርዝር 3 ሰዓት ሳይሆን ያልቅብኛል፤ ደንበኛዬም ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል። ምን ያህል ዝርዝር፣ በየትኛው ብር ልያዝ? (ባለሱቅ፣ ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ቀድሞ የሚያልቅብዎት የትኛው ብር እንደሆነ ይለዩ። አብዛኛው ባለሱቅ ሲጠየቅ «ሳንቲም ነው» ይላል፤ መሳቢያው ሲከፈት ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ የሚገኘው የባለ 10 ቦታ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በየዕለቱ በእጃችን የሚዞረው ባለ 1፣ ባለ 5፣ ባለ 10፣ ባለ 50፣ ባለ 100 እና ባለ 200 ብር ነው። ባለ 20 ኖት የለንም፤ የ2 ብር ሳንቲምም የለንም። ስለዚህ ከ10 እስከ 50 ያለውን መልስ በሙሉ የሚሸከመው ባለ 10 ነው፣ ከ1 እስከ 5 ያለውን ደግሞ የ1 ብር ሳንቲም።

በቁጥር እንየው። በባለ 200 ከፍሎ የ1 ብር ዕቃ የሚገዛ ሰው መልሱ 199 ብር ነው፦ አንድ ባለ 100፣ አንድ ባለ 50፣ አራት ባለ 10፣ አንድ ባለ 5 እና አራት የ1 ብር ሳንቲም። ከዚህ የባሰ ደንበኛ አይመጣም። የዕቃዎ ዋጋ የተለያየ ከሆነ የሳንቲሙ ፍላጎት በአንድ ሰው ከ0 እስከ 4 ስለሚደርስ አማካዩ 2 ነው። ባለ 10ም እንዲሁ ከ0 እስከ 4፣ አማካዩ 2። ባለ 5 ግን ለሁለት ደንበኛ አንድ ይበቃል። ጠዋት በትልቅ ብር የሚከፍሉ 60 ደንበኞች ካሉዎት ወደ 120 የ1 ብር ሳንቲም፣ 30 ባለ 5 እና 120 ባለ 10 ይወጣል ማለት ነው። ባለ 50 እና ባለ 100 አያስጨንቁም፤ ደንበኞቹ ራሳቸው ያመጡልዎታል።

ይህን ሁሉ ግን ጠዋት መያዝ አያስፈልግም፤ በዝርዝር የሚከፍሉም አሉና። ግማሹን ያህል ይዘው ይጀምሩ፦ 60 ሳንቲም፣ 20 ባለ 5፣ 60 ባለ 10። ድምሩ 760 ብር ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ቀድሞ ያለቀው የትኛው እንደሆነና በስንት ሰዓት እንዳለቀ ካርቶን ላይ ይጻፉ። በሳምንቱ መጨረሻ የዚያን ብቻ ሲሶ ይጨምሩ። ሁሉንም በአንድ ላይ መጨመር ገንዘብዎን በመሳቢያ ውስጥ ያስተኛል፤ በዚያ ገንዘብ አንድ ካርቶን ሳሙና ይገባ ነበር።

ፍላጎቱን የሚቀንሱ ሁለት ልማዶች አሉ፤ ሁለቱም ዝርዝር ከመፈለግ ይበልጣሉ። የመጀመሪያው «3 ብር አለዎት?» ብሎ መጠየቅ ነው። ዕቃው 53 ብር ሆኖ ደንበኛው 100 ቢሰጥ መልሱ 47 ነው፤ አራት ባለ 10፣ አንድ ባለ 5 እና ሁለት ሳንቲም ይወስዳል። 3 ብር ጨምሮ ከሰጠዎት ግን አንድ ባለ 50 ብቻ ይመልሳሉ፤ ሦስት ሳንቲምም ወደ መሳቢያዎ ይገባል። ጥያቄውን ዕቃውን ከማስረከብዎ በፊት ያቅርቡ። ዕቃው እጁ ከገባ በኋላ ኪሱን የሚፈትሽ ሰው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ዋጋን በ5 ብር ማስተካከል ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የ13 ብሩን 15 ማድረግ ለእርስዎ ይቀልላል፤ ለገዢው ግን ከ15 በመቶ በላይ ጭማሪ ነው፣ እኛም አንመክረውም። ተገቢው መንገድ ብዛቱን ማስተካከል ነው፦ ነጠላው 13 ቢሆን አምስቱን በ65 ይሽጡ ወይም ነጠላውን 13 ይተዉና ከ13ቱ ጋር አብሮ 15 የሚሞላ የ2 ብር ዕቃ አጠገቡ ያስቀምጡ። ገዢው የሚፈልገውን ዕቃ አገኘ ማለት ነው እንጂ ያልፈለገውን ተሸከመ ማለት አይሆንም።

የሰዓቱን ነገርም ያስቡበት። ጠዋት የሚመጣው ሰው ከኤቲኤም ያወጣውን ድፍን መቶ ወይም ሁለት መቶ ይዞ ነው። ማታ ሲመለስ ደግሞ የታክሲ መልስ በኪሱ አለ። ስለዚህ ዝርዝር የሚሰበሰበው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። ማታ ሂሳብ ሲዘጉ ሳንቲሙንና ባለ 10ውን ለነገ ለይተው ያስቀምጡ፤ አከፋፋይ ሲመጣ የሚከፍሉት በትልልቁ ብር ይሁን። ብዙ ሱቅ ዝርዝር የሚያጣው ማታ የሰበሰበውን ባለ 10 ጠዋት ለዳቦ አከፋፋዩ አስረክቦ ስለሚከፍት ነው።

ጥያቄ፦ የታክሲ ረዳት ነኝ። መነሻው ላይ ሳንቲም ከሚዘረዝሩ ልጆች በየቀኑ እገዛለሁ፤ ከመቶ ብር ላይ ይቀንሱብኛል። ያለ እነሱ መሥራት ይቻላል? (ከዓለም ገና መስመር)

መልስ፦ በመጀመሪያ የሚከፍሉትን በትክክል ያስሉ። 100 ሰጥተው 95 ቢቀበሉ፣ በቀን የ200 ብር ዝርዝር ቢገዙ፣ በቀን 10 ብር ነው። በወር 26 ቀን ቢሠሩ 260 ብር። 90 ከሚቀበሉ ደግሞ 520 ብር ይሆናል። ዘርዛሪው ሳንቲሙን ለመሰብሰብ የሚደክምበት ስለሆነ ጥቂት መጠየቁ አያስወቅሰውም፤ የእርስዎ ሥራ የሚገዙትን መጠን መቀነስ ነው።

ዋናው መላ አንድን ሰው ለብቻ ከመመለስ ይልቅ ሁለት ሁለቱን ማጣመር ነው። ለምሳሌ ሂሳቡ 15 ብር ቢሆንና 12ቱም ተሳፋሪ ባለ 50 ቢሰጥ፣ ለእያንዳንዱ 35 ሲመልሱ 36 ባለ 10 እና 12 ባለ 5 ያስፈልግዎታል። ማንም ረዳት ይህን በአንድ ጉዞ አይዝም። ሁለት ሁለቱን ካጣመሩ ግን የሁለቱ መልስ 70 ብር ነው፤ አንድ ባለ 50 እና ሁለት ባለ 10። ባለ 50ው ከራሳቸው የመጣ ስለሆነ ከእርስዎ የሚወጣው በጠቅላላ 12 ባለ 10 ብቻ ነው፣ ባለ 5 ጨርሶ አይነካም።

ይህ የሚበላሸው የተጣመሩት ሰዎች የተለያየ ቦታ ሲወርዱ ነው። አንዱ ባለ 50ውን ይዞ ይወርድና ሌላው ጋር ጭቅጭቅ ይነሳል። ስለዚህ ሂሳብ ሲሰበስቡ መጀመሪያ «ወራጅ የት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መጨረሻ የሚወርዱትን ብቻ ያጣምሩ፤ መንገድ ላይ ለሚወርደው በእጅዎ ያለውን ዝርዝር ያስቀድሙ። መልሱን ሲሰጡም ጮክ ብለው «ሰባ ብር፣ የሁለታችሁ» ይበሉ፣ ሁለቱም ይስሙ።

ምሽት ላይ ደግሞ የ50 ሳንቲምና የ1 ብር ሳንቲም ይምታታሉ፤ በስፋት ብዙ አይራራቁምና። የ1 ብሩ መሐሉና ጠርዙ የተለያየ ቀለም ነው፤ በአንድ በኩል የአንበሳ ራስ፣ በሌላው ሚዛን አለበት። 50 ሳንቲሙ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። በሁለት ኪስ ለይቶ መያዝ ጨለማ ውስጥ ከመለየት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የሰፈራችን ሱቅ 2 ወይም 3 ብር መልስ ሲኖረኝ ማስቲካ ወይም ክብሪት ይሰጠኛል። እምቢ ማለት ነውር ይሆን? (የቤት እመቤት፣ ከለገጣፎ)

መልስ፦ ነውር አይደለም። መልሱ የእርስዎ ገንዘብ ነው፤ ማስቲካው ደግሞ እርስዎ ያልጠየቁት ዕቃ ነው። ባለሱቁ ማስቲካውን የሚሰጥዎት በመሸጫ ዋጋው መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ ትርፉን ጭምር እየከፈሉ ነው። በቀን 2 ብር ቢሆን በወር 60 ብር ነው። ልጆች ሲላኩማ ማስቲካው ስለሚያስደስታቸው ቤት ውስጥ የሚጠይቅም አይኖርም።

ሳይጣሉ የሚፈታበት መንገድ አለ። «ትርፉ ይቀመጥልኝ» ይበሉና በባለሱቁ የዱቤ ደብተር ላይ በስምዎ ያስጽፉ። የዱቤ ደብተር ያለው ሱቅ ለደንበኛው የሚገባውንም መጻፍ ይችላል፤ ቀኑና መጠኑ ብቻ ይበቃል። 10 ሲሞላ በአንድ ባለ 10 ይቀበሉታል። ለባለሱቁም ይህ ዝርዝር ያድንለታል፤ በአምስት ቀን አሥር ሳንቲም ከማውጣት በአንድ ኖት ይገላገላል።

እርስዎም ቤትዎን ይመልከቱ። ቴሌቪዥኑ ሥር፣ ጣሳ ውስጥ፣ የልጆች ማጠራቀሚያ ሳጥን ውስጥ የሚከማቸው ሳንቲም ከሰፈሩ ሱቅ የወጣ ነው። የልጆቹን ቁጠባ አይንኩ፤ ግን ሳንቲሙን በወረቀት ብር ቀይረው ያስቀምጡላቸው፤ ጠርቀም ሲል ደግሞ በባንክ ደብተራቸው ላይ ያስገቡ። ጣሳ ውስጥ የተኛ ገንዘብ ወለድ የለውም። ዋጋ በዓመት 20 በመቶ ቢጨምር ዛሬ የተዘጋበት 1,000 ብር ከዓመት በኋላ የሚገዛው ዛሬ በ833 ብር የሚገዛውን ያህል ነው።

ጥያቄ፦ በደብራችን ከሙዳየ ምጽዋት የሚወጣውን ገንዘብ ከሚቆጥሩት አንዱ ነኝ። ሳንቲሙ ብዙ ነው፤ ለክብረ በዓል ጊዜ ቆጠራው ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። በሚዛን መቁጠር ያስተማምናል? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ያስተማምናል፣ ደረጃው ካልተዘለለ። የሚያስፈልገው በ1 ግራም የሚያነብ ዲጂታል የኩሽና ሚዛን፣ ጎድጓዳ ሳህንና ጠንካራ ከረጢት ነው።

መጀመሪያ በዓይነት ይለዩ። 5 እና 10 ሳንቲም ቢጫ፣ 25 (ስሙኒ) እና 50 ሳንቲም ነጭ፣ የ1 ብሩ ባለ ሁለት ቀለም ነው። በመካከል የልብስ ቁልፍ፣ የብረት ቀለበትና የውጭ አገር ሳንቲም ስለማይጠፋ እጅዎ ያጣራው። የቤተ ክርስቲያን ሳንቲም ላይ የጧፍና የሻማ ሰም ይጣበቃል፤ ሰም የያዘውን ለይተው ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ያጥቡት፣ በደረቅ ጨርቅም ያድርቁት። ሎሚ፣ ኮምጣጤ ወይም አመድ አይጠቀሙ፤ ላዩን ይበላውና ቶሎ ያዝገዋል።

ከዚያ የደብሩን የራሱን መለኪያ ያውጡ። ሁለት ሰው ለየብቻ 50 የ1 ብር ሳንቲም ይቁጠር። ባዶውን ሳህን ሚዛኑ ላይ አድርገው ወደ ዜሮ ይመልሱት፣ 50ውን ይመዝኑ፣ ክብደቱን ይጻፉ። ከተለያየ ከረጢት እያወጡ ሦስት ጊዜ ይድገሙትና መካከለኛውን ይያዙ። ከሌላ ሰው የሰሙትን ክብደት አይውሰዱ፤ ያረጀና አዲስ ሳንቲም የሚቀላቀልበት መጠን ከቦታ ቦታ ይለያያል።

አሁን 50 በ50 ይመዝኑ። ሚዛኑ ከመለኪያው በአንድ ሳንቲም ግማሽ ክብደት ከራቀ ያን ክምር በእጅ ይቁጠሩ። የ1 ብሩ ሳንቲም ከ6 ግራም በላይ ስለሚመዝን አንዱ ቢጎድል ሚዛኑ ላይ በግልጽ ይታያል። ለምን 500 በአንድ ጊዜ አይመዘንም? የሳንቲሞቹ አማካይ ክብደት በመልበስ ብዛት 1 በመቶ ቢለያይ በ50 ላይ ስሕተቱ የግማሽ ሳንቲም ነው፣ በ500 ላይ ግን 5 ሳንቲም ይሆናል። ብዙዎች ሚዛንን የሚጠሉት ይህን ሳያውቁ በማዳበሪያ ሞልተው መዝነው ስለተሳሳቱ ነው። ሳንቲምን ከሌላ ዓይነት ጋር ቀላቅሎ መመዘንም ጨርሶ አይሆንም።

የተቆጠረውን ወደ ባንክ ከመጫንዎ በፊት አንድ ነገር ያስቡ። 500 የ1 ብር ሳንቲም ከ3 ኪሎ በላይ ነው፤ ዋጋው 500 ብር። በዚያው ቀን በደብሩ ዙሪያ ያሉ ባለሱቆች፣ ወፍጮ ቤቶችና የባጃጅ ሾፌሮች ይህንኑ ሳንቲም በትርፍ እየገዙ ነው። ሰበካ ጉባኤው ከቆጠራው በኋላ በ50 እና በ100 ብር ታሽጎ የተዘጋጀ ሳንቲም በዋጋው ልክ እንዲቀየር ቢፈቅድ ደብሩ ሸክም ይቀንሳል፤ ሳንቲሙም ወደ ግብይት ይመለሳል። ሲቀየር ሁለት ሰው ይፈርም፣ የወጣው ሳንቲምና የገባው ወረቀት ብር እኩል መሆኑ በዚያው ቀን መዝገብ ላይ ይስፈር። ትርፍ ግን አይጠየቅበት። ለተቸገረ ብሎ ምእመን የጣለው ሳንቲም ነውና ንግድ እንዳይሆን መጠበቅ የአስቆጣሪዎቹ ኃላፊነት ነው።

ጥያቄ፦ ምግብ ቤት አለኝ፤ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን እጠቀማለሁ። 15 በመቶ ታክስ ሲጨመር 34 ብር ከ50፣ 49 ብር ከ99 የሚል ደረሰኝ ይወጣል። ሳንቲሙን ከየት ላምጣ? (ከገላን)

መልስ፦ ከማሽኑ ላይ ያስተካክሉት እንጂ ሳንቲም አይፈልጉ። ከታክስ በፊት ያለው ዋጋ በ20 የሚካፈል ከሆነ ድምሩ ምንጊዜም ድፍን ብር ነው፦ 20 ሲሆን 23፣ 40 ሲሆን 46፣ 60 ሲሆን 69፣ 80 ሲሆን 92፣ 100 ሲሆን 115። በ10 ብቻ የሚካፈል ከሆነ 50 ሳንቲም ይመጣል፤ 30 ወደ 34.50 ይሄዳል።

ደንበኛ እጅ የሚገባው ዋጋ 50 ብር እንዲሆን ከፈለጉ ለ1.15 ያካፍሉ፤ 43.48 ይሆናል። ታክሱ 6.52፣ ድምሩ 50.00። ግን አንድ ወጥመድ አለው። ማሽኑ ታክሱን በድምሩ ላይ የሚያሰላ ከሆነ ሦስት ሲሸጥ 130.44 እና 19.57 ተደምሮ 150.01 ይወጣል። የ1 ሳንቲም ልዩነቷ ከመጠጋጋት የመጣች ናት። 30 ብር ለማድረግ 26.09 ቢያስገቡም ሁለት ሲሸጥ 60.01 ይሆናል። በ23 የሚሄደው ዋጋ ላይ ይህ አይከሰትም፤ ሦስት ባለ 23 በትክክል 69 ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ሆኖ ለሚታዘዘው፣ ማለትም ለሻይ፣ ለቡና፣ ለውኃ፣ በ20 የሚካፈለውን ዋጋ ይምረጡ። ለብቻው ለሚታዘዝ ምግብ ሌላው ይበቃል።

ሳንቲሙ ቢመጣም ለደንበኛው በሚጠቅም በኩል ያጠጋጉት። ከ50.01 ላይ አንዷን ሳንቲም መጠየቅ አያስፈልግም። ከ34.50 ላይ ግን 35 አድርጎ መውሰድ ልማድ እንዳይሆን። 50 ሳንቲም (ሽልንግ) ዛሬም ገንዘብ ነው፤ ጥቂት በመሳቢያ ይኑርዎት።

ጥያቄ፦ ጉሊት ላይ አትክልት እሸጣለሁ። ባለ 5 ብሩ እጄ ላይ ይረጥባል፣ ይቀደዳል፤ ሌላ ሰው አይቀበለኝም። ምን ላድርግ እናንተ? (ከቡራዩ)

መልስ፦ እናታችን፣ ባለ 5ቱ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚጎዳበት ምክንያት አለው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ሲቀየሩና ባለ 200 አዲስ ሲወጣ ባለ 5ቱ አልተቀየረም። ስለዚህ በገበያ ላይ ረጅም ዕድሜ ያለው ወረቀት እሱ ነው፤ ከሁሉም በላይ ከእጅ እጅ የሚዘዋወረውም እሱው ነው።

ወረቀቱን የሚገድለው ከውኃው ይልቅ እጥፋቱ ነው። እርጥብ ሆኖ አራት ቦታ ታጥፎ መቀነት ውስጥ ሲገባ እጥፋቱ ላይ ይሳሳል፣ በሁለተኛው ሳምንት እዚያው ይቀደዳል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠፍ፤ መቀነት ውስጥ ከመግባቱ በፊት በትንሽ ፌስታል ይሁን፤ ላብም አያገኘውም። ሳንቲሙን ለብቻው በፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን ከፊትዎ ያስቀምጡ፤ ቲማቲም በነካ እጅ መያዝ ያለበት እሱ ነው። የረጠበ ብር በሁለት ንጹህ ወረቀት መካከል ጠፍጣፋ ሆኖ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ከሰል ላይ ማሞቅ ያደርቀዋል ግን ያሰባብረዋል።

የተቀደደውን ሁለቱም ቁራጭ ካለ በቀጭን ግልጽ ፕላስተር ከአንድ በኩል ብቻ ያያይዙት፤ ቁጥሩን አይሸፍኑ። በስቴፕለር ወይም በመርፌ አይምቱት። እንዲህ ያሉትን እያጠራቀሙ ከልጆችዎ አንዱ ባንክ በሚሄድበት ቀን ያስቀይሩ። ግማሹ የጠፋ ብር ከሰጡዎት ግን አይቀበሉ፤ ሻጭ ሲቸኩል ታጥፎ ስለሚሰጥ ሁልጊዜ ዘርግተው ይዩት።

ጥያቄ፦ የግንባታ ዕቃ እሸጣለሁ። ሐሰተኛ ባለ 200 እንዳይገባብኝ ሰማያዊ መብራት ገዛሁ፤ አንዳንዱ እውነተኛ ብርም ያበራል ይሉኛል። እውነት ነው? (ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ እውነት ነው። እውነተኛው ኖት የሚሠራበት ወረቀት በዚያ መብራት ሥር ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ ተራ የጽሕፈት ወረቀት ግን ነጭ እንዲመስል የተጨመረበት ኬሚካል ስላለ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ችግሩ ያው ኬሚካል በዱቄት ሳሙና ውስጥም መኖሩ ነው። በኪስ ተረስቶ የታጠበ እውነተኛ ብር ሊያበራ ይችላል። ስለዚህ መብራቱ ጥርጣሬ ያነሳል፣ ብቻውን ግን አይፈርድም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። በቀን ብርሃን፣ አጠገቡ ከባንክ ያወጡትን ሌላ ባለ 200 ይያዙ። በጣትዎ ትልልቁን ጽሑፍ ይዳስሱ፤ ቀለሙ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ሊሰማዎት ይገባል። ወደ ብርሃን አንሥተው ይዩ፤ የውኃ ምልክቱና ክሩ በወረቀቱ ውስጥ ሆነው ይታያሉ፣ ከላይ የተለጠፈ ክር በጥፍር ይነሣል። ብዙ ኖት በአንድ ጊዜ ከተቀበሉ ተከታታይ ቁጥሮቹን ያወዳድሩ፤ ሁለት ኖት አንድ ዓይነት ቁጥር ካላቸው ቢያንስ አንዱ ሐሰተኛ ነው። መብራቱን መጨረሻ ላይ ይጠቀሙ።

ሐሰተኛ መሆኑን ካወቁ ለሌላ ሰው አይስጡ፤ ያ ወንጀል ነው። ከሌላው ብር ለይተው ለባንክ ወይም ለፖሊስ ያስረክቡ። ከ2013 ዓ.ም. በፊት የነበሩት ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ኖቶችም ከዚያው ዓመት ታኅሣሥ ጀምሮ መገበያያ አይደሉም፤ ቢመጡልዎት አይቀበሉ።

ጥያቄ፦ አያቴ ከተዉት ዕቃ ውስጥ የኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች አገኘሁ፤ 1936 ይላሉ። በሚሊዮን ይሸጣሉ የሚል ስልክ ተደወለልኝ። (ከለገጣፎ)

መልስ፦ «ቅድሚያ ክፈል» ካሉ ይዝጉት። 1936 ዓ.ም. የሚለው ዓመት ለረጅም ጊዜ ሳይለወጥ በብዙ ሚሊዮን በሚቆጠር ሳንቲም ላይ ተመትቷል፤ ስለዚህ ብርቅ አይደለም። ከመካከላቸው ብር የተባለው ማዕድን ያለበት 50 ሳንቲሙ ብቻ ነው፤ ክብደቱ 7 ግራም ገደማ፣ ንጹህ ብሩ 5 ግራም ገደማ ነው። 1፣ 5፣ 10 እና 25 ሳንቲሙ የመዳብ ዘር ናቸው። አብሮ ማርያ ቴሬዛ ካለ፣ 1780 የሚለው ዓመት የተመታበትን ጊዜ አይናገርም፤ ከዚያ በኋላም በዚያው ዓመት ሲመታ ኖሯል። ክብደቱ 28 ግራም፣ ንጹህ ብሩ 23 ግራም ገደማ ነው። ሊሸጡ ካሰቡ የዕለቱን የብር ዋጋ ሁለት ብር ሠሪዎች ዘንድ ይጠይቁ፣ ከዚያ በታች አይሽጡ። አያጥቡት፣ አይወልውሉት፤ ሰብሳቢ የሚፈልገው እንደነበረ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ጀበና ቡና ትሸጣለች። በቴሌብር ብትቀበል ከዝርዝር ጣጣ ትገላገላለች? (ተማሪ፣ ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ በከፊል ትገላገላለች። በስልክ ሲከፈል 17 ብሩ 17 ሆኖ ይገባል፣ መልስ አይኖርም። ግን ኔትወርክ ሲጠፋ፣ የደንበኛው ባትሪ ሲያልቅ ሥራ እንዳይቆም የተወሰነ ሳንቲምና ባለ 10 አሁንም ያስፈልጋታል።

ዋናው አደጋ ደንበኛው በራሱ ስልክ ላይ የሚያሳየውን መልእክት ማመን ነው። የቆየ መልእክት ወይም የተቀነባበረ ምስል ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ መግባቱ የሚታወቀው በእናትዎ ስልክ ላይ ሲታይ ብቻ ነው፤ መልእክቱ ቢዘገይ ቀሪ ሂሳቧን ትመልከት። የቡናውን ሂሳብ ከቤት ወጪ በተለየ ቁጥር ብትይዘው የቀኑን ሽያጭ ማወቅ ይቀልላታል። ቁጥሩን ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፈው ከጀበናው ጀርባ፣ ጢሱ በማይደርስበት በኩል ይስቀሉላት፤ ከሥሩም በሂሳቡ ላይ የተመዘገበውን ሙሉ ስሟን ይጨምሩ፤ ደንበኛው ከመላኩ በፊት ስሙን አይቶ እንዲያረጋግጥ።